ልጅቷ ጆሮ አላት

ጋሽ አምባቸው ቤት ፒያኖ መማር ስጀምር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከፒያኖው በላይ፣ ከፊቴ፣ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ይቆማል። ያ ወረቀት ለምን እንደሚቆም ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም። እማዬ ቴሌቪዥናችን ላይ ዳንቴል ታለብስ ስለነበር ወረቀቱም እንደዚያ የዕቃው ጌጥ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አምባቸው አንዱን ያነሡና ሌላ ያቆማሉ። “ወረቀቱን እይ” ይሉኛል። እኔም ፊቴን ወደ ወረቀቱ አዞራለሁ። ማየት ማለት ለእኔ ፊትን ማዞር ነበር። ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ፊትሽን ወደ እሱ አድርጊ ይባል የለ፣ እንደዚያ ነው የገባኝ።

ወረቀቱ ላይ የሚታየኝ ግራጫ ነገር ነው። ክረምት ላይ ከደጃችን ሆኜ ወደ ዳሞታ ተራራ ሳንጋጥጥ የሚታየኝም ያው ግራጫ ነበር፤ ስለዚህ አልገረመኝም።

ይህን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች “ታዲያ እንዴት ትጫወቺ ነበር?” ይሉኛል። በናጂያ ነበር የምጫወተው። ናጂያ የጋሽ ቡሽራ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሶዶ፣ መርካቶ ውስጥ ብትን ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት የጋሽ ቡሽራ። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የእሷ ሰዓት ነው፤ ከዚያ የእኔ። ሁለታችንንም ከአንድ መጽሐፍ አንድ ትምህርት ነበር የሚያስተምሩን። እኔ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት እየፋቅሁ፣ ናጂያ የምትጫወተውን እሰማለሁ። ቀስ ብላ ነው የምትጫወተው፤ ትሳሳታለች፣ ትመለሳለች፣ ምላሷን አውጥታ እንደገና ትሞክራለች። ተራዬ ሲደርስ የናጂያን ስህተት አውጥቼ የቀረውን እጫወታለሁ።

ናጂያም ከእሷ በፊት ከገባው ልጅ ሰምታ ይመስለኝ ነበር። ያም ከሌላ ልጅ። የመጀመሪያው ልጅ ከጋሽ አምባቸው፣ ጋሽ አምባቸው ደግሞ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሲጫወቱ በነበረ ጊዜ ከሰሟቸው ሰዎች። ወረቀቱ የማይነበብ መሆኑ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን የማይናገረው ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር።

ፒያኖውን የፈለገው አባቴ ነው። አባዬ በኃይሉ ይባላል፤ ያኔ ዞን ቢሮ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሐዋሳ ለስብሰባ ሄዶ የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ስትጫወት አይቶ ተመለሰ። “ጀርባዋ እንዴት ቀጥ ያለ መሰለሽ” አለ ለእማዬ። ምን እንደተጫወተች አላወራም። በሳምንቱ ነጭ ቀሚስ ተገዛልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን ይዞኝ ከአራዳ ዳገቱን እንወጣለን። ኮቱን ይለብሳል፤ ጫማውን እማዬ ታጸዳለታለች። መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሁሉ ወዴት እንደምንሄድ ሳይጠይቅ ይነገረዋል። “ፒያኖ ላደርሳት ነው።” እጄን ጠበቅ አድርጎ ነበር የሚይዘው። የሌሎች ልጆች አባቶች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ልጆቹ ከፊት ከፊት ሲሮጡ አውቃለሁ፤ ድምፃቸው ይሰማኛላ። የእኔ አባት ግን ይይዘኛል። ከልጆቹ ሁሉ ይበልጥ የምወደድ ልጅ የሆንኩ መስሎ ይሰማኝ የነበረው በዚያ ነው።

እማዬ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረችኝ። ቢሮው አጠገብ ያለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ አለቃው ፊት ወድቄ ነበር፤ ስድስት ዓመቴ ሳለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እጄን የያዘው።

የጋሽ አምባቸው ሳሎን የሚሸተው የድሮ እንጨትና የትምባሆ ነው። ሲጋራውን ልጆች ሲመጡ አያጨሱም፤ ሽታው ግን መጋረጃው ላይ ቀርቷል። ረጅም ሰው ነበሩ፣ ወይም ቁልቁል የሚመጣ ድምፃቸው ረጅም አስመስሏቸው ነበር። በእጃቸው የእንጨት ማስመሪያ አለ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ወገብ ቀጥ ማለት አለበት። ወደፊት ያጎነበሰ ልጅ በማስመሪያው ጫፍ ወገቡን ይነካል። ሌላው ሕግ ደግሞ ዓይን ከወረቀቱ ላይ አይነሣም የሚል ነው። ስሳሳት ጣቴን ይመቱኛል። ብዙ ጊዜ አልሳሳትም ነበር፤ ግን ናጂያ የቀረችበት ቅዳሜ ክፉ ቅዳሜ ነው። ናጂያ ስትቀር የምሰማው የለም። ያን ቀን አንድም ድምፅ አላገኝም፤ ጣቶቼ አብጠው እመለሳለሁ።

“ለምን አላጠናሽም?” ይሉኛል።

“አጥንቻለሁ ጋሼ።”

“ያጠናሽ ከሆነ ወረቀቱን እይና ተጫወቺ።”

ፊቴን ወደ ወረቀቱ አዞራለሁ። ማስመሪያው ይመጣል። ሙዚቃውን ሳልከፍል እንደወሰድኩ፣ ናጂያ ባለችበት ቀን የምሰርቅ ሌባ እንደሆንኩ ያወቁብኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መመታቴን አልጠላሁም። የሚገባኝ መሰለኝ።

በኅዳር ወር ትምህርት ቤታችን ነርሶች መጡ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ በላይ ነበርን፤ በየተራ እየተጠራን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ፊት ቆምን። ነርሷ “ሹካው ወዴት ነው የዞረው?” እያለች ትጠይቃለች። ከእኔ በፊት የነበሩትን ልጆች አዳመጥኩ። ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ። ተራዬ ሲደርስ ሳልደናገር ደገምኩት። ነርሷ በመጠቆሚያ እንጨቷ ሌላ ቦታ ነካች። “ይሄስ?” አለችኝ። ይህን ማንም አልተጠየቀም ነበር። ግድግዳው ነጭ ነው። “ሹካ የለም” አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ወረቀት ጽፋ አጥፋ ሰጠችኝና “ለአባትሽ” አለችኝ።

ፈተና መውደቄን የሚናገር ወረቀት መስሎኝ ቤት እስክደርስ አለቀስኩ። አባዬ ቆሞ አነበበው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ የሆነ ነገር ጫረበት፣ መልሶ አጠፈውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ራሴን ዳሰሰኝ።

“ምንም አልሆንሽም አንቺ” አለኝ። “ሂጂ ተጫወቺ።”

እንደማረኝ ቆጠርኩት። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

ምሳ ላይ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ተጨቃጨቁ። ቤታችን ውስጥ አባዬ አማርኛ ነው የሚናገረው፤ ለቢሮም ለልጅም ይጠቅማል ይላል። እማዬ ስትናደድ ወደ ወላይትኛ ትመለሳለች። “ሹካውን አላየችም እኮ” ስትል ሰማሁ። “መነጽር” የሚለውንም ሰማሁ። አባዬ እሱም ወደ ወላይትኛ ተመለሰ፤ ይህን ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

“ያን ነገር ጉኑኖ ትቼው ነው የመጣሁት” አለ። “ሶዶ ድረስ ተከትሎኝ አይመጣም። በዚህ ቤት ይህ ቃል እንዳይነሣ።”

ጉኑኖ አባዬ የተወለደበት ነው። ምን ትቶ እንደመጣ ብዙ አሰብኩ። ከብት መሰለኝ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የተናደደ ሰው መሰለኝ፣ ተከትሎን የሚመጣ። ለብዙ ሳምንት በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር።

የተወው እናቱን ነው። አያቴ አባዬን በወለደችበት ዕድሜ አካባቢ ዓይኗ ጠፋ፤ ልጆቿ በሰፈሩ “የዕውሯ ልጆች” ተብለው አደጉ። አባዬ ትምህርት ቤት ሲሄድ በዚያ ስም ነው የተሰደበው። ይህን ሳውቅ አዘንኩለት፤ አልዋሽም። ግን እኔ ዛሬ ፋርማሲስት ነኝ፤ የአያቴን ዓይን ያጠፋው ትራኮማ እንደሆነ፣ ትራኮማ ደግሞ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በደም እንደማይወርድ አውቃለሁ። የእኔ ዓይን ሩቅ አያይም ነበር፤ ያ ብቻ። መድኃኒቱ ሁለት ክብ መስታወት ነበር። ይህን አንድ ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ጠይቆ በግማሽ ቀን ሊያውቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። እንዳይነግሩት ፈራ።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ አምባቸው የቤተሰብ ቀን አዘጋጁ። ስምንት ተማሪዎች ነበርን። አግዳሚ ከጎረቤት ተለምኖ መጣ፤ ፈንዲሻና ለስላሳ ነበር። አባዬ ከፊት ወንበር ያዘ፤ እማዬ ከኋላ ቆመች። ጋሽ ቡሽራና ባለቤታቸው ከናጂያ ታናናሾች ጋር መጡ። የሽቶና የእርጥብ ጃኬት ሽታ ቤቱን ሞላው።

እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀውን ይጫወታል፤ ቀጥሎ ደግሞ ጋሽ አምባቸው አይቶት የማያውቀውን አጭር ወረቀት ያቆሙለታል። ልጆቹ ኖታ ማንበብ መቻላቸውን ቤተሰብ እንዲያይ ነው። ናጂያ ከእኔ በፊት ገባች። አዲሱን ወረቀት ስትጫወት እንደ ልማዷ ትደናቀፋለች፣ ትመለሳለች፣ ግን ተወጣችው። ተጨበጨበላት። እኔ አግዳሚው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ይህንን ከማን ሰማችው?

ተራዬ ሆነ። የማውቀውን በአንድ ትንፋሽ ተጫወትኩ። ጭብጨባ መጣ፤ ከጭብጨባው ውስጥ የአባዬን እጅ ለየሁት። ከዚያ ጋሽ አምባቸው አዲስ ወረቀት አቆሙ። እስኪጫወቱልኝ ጠበቅሁ። አልተጫወቱም። ሰው ወንበሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

“ወረቀቱን እይ ፋና።”

ፊቴን አዞርኩ። ሌላ ስላልመጣልኝ የቅድሙን እንደገና ጀመርኩ። አንድ ሰው ሳቀ።

“ቀልድ አይደለም” አሉ፤ ማስመሪያው ጣቴ ላይ አረፈ። ሁለተኛ ጀመርኩ። ሁለተኛ አረፈ፤ ይህኛው አጥንቴን አገኘው። እንባዬን ሰው እንዳያይ ወደ ፊት አጎነበስኩ፤ አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በዚህ ጊዜ ነው ያየሁት። ግራጫው መስመር ነበር፤ መስመሮቹ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ጭራ አለው።

“ጉንዳን አለበት” አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ አምባቸው አልሳቁም።

“የት?”

“ወረቀቱ ላይ።”

ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። “አሁንስ?”

“ሄዱ።”

ሳቁ ቀጠለ። እሳቸው ግን ማስመሪያውን ፒያኖው ላይ አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ ለእኔ ብቻ፣ “ዛሬ ነው ያየሻቸው?” አሉኝ። “አዎ ጋሼ።” ከዚያ ከአጠገቤ ቆመው በሁለት እጃቸው ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ነገር ተጫወቱ፤ አጭር ነው፣ ግን የግራ እጁ ከቀኙ ሌላ መንገድ የሚሄድ። “ድገሚው” አሉኝ። ደገምኩት። አንድ ቦታ ብቻ ተሳሳትኩ። ሳቁ ቆመ።

ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ድምፃቸው ተለወጠ።

“አቶ በኃይሉ፣ ልጅቷ ጆሮ አላት። እንዲህ ያለ ጆሮ እኔም የለኝ። ዓይኗ ግን ይህን ወረቀት አያይም። እኔ ስድስት ወር የማታየውን አንብቢ እያልኩ ስመታት ከርሜያለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ነገ ሳይሉ ዓይኗን ያሳይዋት።”

“ጆሮ አላት” ሲሉ ስድብ መሰለኝ። ክፍላችን ውስጥ “ጆሮ የለሽም እንዴ?” የሚባለው ለጥጋበኛ ልጅ ነው፤ ይህኛው ከዚያ የባሰ የአህያ ዓይነት ነገር መሰለኝ። ጆሮዬን በእጄ ሸፈንኩ።

የአባዬ ወንበር ወደ ኋላ ወደቀ።

“ልጄን ዕውር አልካት? ሰው ፊት?”

“እንደሱ አላልኩም አቶ በኃይሉ...”

“የሕፃን ጣት በማስመሪያ የምትቀጠቅጥ ሰው ነህ ስለ ዓይን የምታስተምረኝ?”

መጥቶ ከወንበሩ ላይ አንሥቶ አቀፈኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እግሬ እየተንጠለጠለ፣ በሰዎቹ መሃል ይዞኝ ወጣ። ፊቴን ኮቱ ውስጥ ቀበርኩ። አባቴ ለእኔ ተጣልቶ፣ ትልቅ ሰው ስለእኔ ሰድቦ፣ በእጁ ተሸክሞኝ እየሄደ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የነርሷ ደብዳቤ ያን ቀን በዚያው ኮት ኪስ ውስጥ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ፊቴን የቀበርኩት ደብዳቤው በገባበት ኮት ውስጥ ነው።

በሳምንቱ አባዬ ይዞኝ ዞረ። መርካቶ ጋሽ ቡሽራ ሱቅ፣ የሌሎቹ ልጆች ቤት፣ ቢሮው ድረስ። “ጣትሽን አሳዪያቸው” ይለኛል። አሳያለሁ። እብጠቱ ሊጠፋ ሲል ቤት ውስጥ ነክሼ አሳበጥኩት፤ ማንም አላዘዘኝም። ጋሽ ቡሽራ ጣቴን አገላብጠው አዩና “ናጂያን እንኳ እንዲህ አድርገው አያውቁም” አሉ። አባዬ “ባለቤት የሌላት መስሎት ነው” አለ። ስለ ዓይኔ የተባለውን አንድም ጊዜ አላነሣም። እዚያ ቤት የነበሩት ሰዎች ሰምተው ነበር፤ ግን ያበጠ ጣት ከቃል ይበልጣል። መመታቴ ደግሞ እውነት ነው። አባዬ ውሸት መናገር አላስፈለገውም፤ ግማሹን ብቻ ነበር የሚናገረው።

ክረምት ሳይገባ ስምንቱም ተማሪ ቀረ። አንድ ጠዋት የጋሽ አምባቸው ፒያኖ አይሱዙ ላይ ሲጫን እኔና አባዬ በዚያ እያለፍን ነበር። መኪናው አይታየኝም፤ ሰዎቹ “ያዝ፣ ያዝ” ሲሉ፣ ከዚያ ፒያኖው ውስጡ ድረስ ሲያጓራ ሰማሁ፣ ሁሉም ቁልፍ በአንድ ጊዜ። አባዬ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። “ሰው ልጅ ላይ እጁን ሲያነሣ እንዲህ ነው” አለኝ። አመሰገንኩት።

ሶዶ ውስጥ ሌላ ፒያኖ አላውቅም ነበር። የምግብ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ እጫወት ነበር፤ እንጨቱ ድምፅ ባይኖረውም ለእኔ ይሰማኛል። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ እንዲህ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ቀን የማስታውሰው ነገር እያነሰ መምጣቱን አወቅሁና ተውኩት።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ እማዬ ኩላሊቷን እንዳመማት ለአባዬ ነገረችና ይዛኝ ዱቦ ሆስፒታል ሄደች። ከሌላ አገር የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ተብሎ ነበር። ሐኪሙ መስታወት እየቀያየረ ያሳየኝና በአስተርጓሚ እማዬን “እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?” አላት። እማዬ አማርኛ እንደማይገባት ሆነች።

መነጽሩን አድርጌ ስንመለስ አባዬ ሳሎን ከግድግዳው ጋር በተያያዘው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የአባዬን ፊት ከበር ላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም። ከሩቅ ፊቱ ለእኔ ቡናማ ነገር ነው፤ እዚያ ቡናማ ነገር ላይ ሁልጊዜ ፈገግታ እኔው ራሴ አኖርበት ነበር። ያን ቀን ያየሁት አፉ ሲጣመም ነው። አንድ ሰው ነጭ ልብሱ ላይ ወጥ ሲፈስበት እንደሚያየው አየኝ።

“እንግዳ ሲመጣ ታወልቂያለሽ” አለኝ።

ደብዳቤውን እማዬ የሰጠችኝ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ያኔውኑ ኮቱን ልታጥብ ስትል አግኝታ ደብቃው ኖራ ነበር። “ተማሪ ፋና በኃይሉ በሁለቱም ዓይኖቿ ሩቅ የማየት ከፍተኛ ችግር ስላለባት በአስቸኳይ ወደ ዓይን ሕክምና እንድትወሰድ” ይላል። ኅዳር አሥራ አንድ ቀን። ከሥሩ ወላጅ ማንበቡን የሚያረጋግጥበት መስመር አለ፤ አባዬ ፈርሞበታል፣ ግን ለትምህርት ቤቱ አልመለሰውም። ከኅዳር አሥራ አንድ እስከ ቤተሰቡ ቀን ስንት ቅዳሜ እንዳለ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት። አንብቦ የፈረመ ሰው፣ እንደማላይ እያወቀ፣ ሃያ ሦስት ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዞ ወረቀት እንዳነብ አደረሰኝ። ጣቴ አብጦ ስመለስም በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበለኝ እሱ ነበር።

አምና ጳጉሜን ላይ ናጂያን አገኘኋት። አሁን የአባቷን ሱቅ የምትመራው እሷ ናት። ጋሽ አምባቸው በዴሳ ከተማ፣ ልጃቸው ጋ እንደሚኖሩ የነገረችኝ እሷ ናት። በማግስቱ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ በሞተር ብስክሌት አደረሱኝ። ልጃቸው በቆሎ ትነግዳለች፤ ግቢው ጆንያ በጆንያ ነው። እሳቸው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጭር ሰው ናቸው።

ስሜን ነገርኳቸው።

“ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት ጋሼ” አልኩ። “አባቴ ስለ እርስዎ ያወራው ውሸት ነበር። እኔም አብሬ ዞሬያለሁ።”

“ምኑ ነው ውሸቱ?” አሉ። “መትቼሻለሁ። ዓይንሽን ከመጠየቄ በፊት ስድስት ወር ነው የመታሁሽ። ያንን እኔ ላይ ተዪው፤ አትቀንሺልኝ።”

ይቅር ብለው፣ አቅፈው፣ ቀላል አድርገው እንዲሸኙኝ ነበር የመጣሁት።

“ፒያኖስ?” አሉኝ።

“ተውኩት።”

“መቼ?”

“ያኔውኑ።”

ከወንበሩ ተነሡ። “ዓይን ቢበላሽ መስታወት ይደረግለታል። ለጆሮው ምን አደረጉለት? አርባ ዓመት ሳስተምር አንድ አገኘሁ፤ አንድ። እሷንም በማስመሪያ ስመታት ከረምኩና አባቷ ይዟት ወጣ።” ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ልጃቸው ሻይ ይዛ መጣች፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ሻዩን ጠጥቼ ሄድኩ።

በመስከረም፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል፣ እኛ ቤት እንግዳ ነበር። የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ አቶ ሀብታሙ ከነቤተሰቡ መጥቷል። ቁርጡ በዳጣ ቀርቧል፤ ጨዋታው ደርቷል። አቶ ሀብታሙ የልጅ ልጁን ኪቦርድ ሊያስተምራት አስተማሪ እንደያዘላት ሲናገር አባዬ ቢላውን አስቀመጠ። ምን ሊያወራ እንደሆነ አወቅሁ። በየበዓሉ ያወራዋል።

“ተጠንቀቅ” አለ። “የእኔዋን አንድ አስተማሪ ጣቷን ሊሰብራት ነበር። በሰው መሃል ተነሥቼ በእጄ ተሸክሜ አወጣኋት። አባት ማለት ይኸው ነው። አይደለም ፋና?”

ሁልጊዜ “አዎ አባዬ” ነበር የምለው።

“አስተማሪው እንደማላይ አላወቀም ነበር” አልኩ። “አንተ ግን ታውቅ ነበር። ደብዳቤው ላይ ፈርመሃል። ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ፈርመህ ሃያ ሦስት ቅዳሜ ወስደህ አስመታኸኝ። ሰውየው እውነቱን ሲናገር ከከተማ አስወጣኸው።”

አቶ ሀብታሙ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። አባዬ አልጮኸም። ለስለስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው፣ “ዛሬ ታያለሽ አይደል ልጄ?” አለ። “ተምረሻል፣ ሥራ ይዘሻል። ምን ጎደለሽ?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዘርዝሬ ብነግራቸው ትንሽ ነገር ይመስላቸው ነበር። ፒያኖ ነው በቃ፤ የሰው ልጅ ያለ ፒያኖ ይኖራል። ስለዚህ አልዘረዘርኩም። “አንተ ታውቀዋለህ” ብዬ ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ።

እማዬ ተከትላኝ ወጥ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችና በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ “አሁን ወጣልሽ?” አለችኝ።

“አልወጣልኝም።”

“በሰው ፊት እኮ ነው ያዋረድሽው።”

መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጠረግሁት፤ መልሼ አደረግሁትና አየኋት። ስልሳ ዓመቷን አልፋለች። ደብዳቤውን ከኮቱ ያወጣችው እሷ ናት። ዱቦ የወሰደችኝም እሷ ናት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ ውስጥ ጥፋት የሌለባት ሆና የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

“እማዬ” አልኳት፤ “ደብዳቤውን ያኔ ካገኘሽው፣ ዱቦ ለመሄድ ለምን አራት ዓመት ቆየሽ?”

ሳሎኑ ውስጥ አባዬ ሌላ ወሬ ጀምሮ እንግዶቹ በግድ ይስቃሉ። እማዬ ቧንቧውን ከፈተች፤ አንድ ሳህን አነሣች፣ አጠበች፣ የታጠበውን እንደገና አጠበች። መልስ ስጠብቅ ቆምኩ። አልሰጠችኝም፤ እኔም ከአጠገቧ አልሄድኩላትም።